የድሮ ጠመንጃ አዲስ ቅጂ፦ ዋናው፣ ቅጂው ወይስ የዋንዛው?

ከጥር ወዲህ ሦስት ሰው ስለ ጠመንጃ ምክር ጠየቀኝ። ጠመንጃ ነጋዴ አይደለሁም። ጅማ ውስጥ አሮጌ ዕቃ እያገላበጥኩ እንደምውል ሰፈሩ ስለሚያውቅ ጥያቄው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። አምና ስለ ግድግዳ ሰዓት ነበር። ዘንድሮ ጠመንጃ ሆነ።

የመጀመሪያው አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ፈቃድ አለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ይተኩሳል። "ወንድምዬ፣ የቃኘው ልጆች ኮርያ የያዙትን ዓይነት ጠመንጃ መግዛት አማረኝ። አሮጌም አለ፣ አዲስ የተሠራ መሳይም አለ። ግራ ገባኝ" ብሎ ጻፈልኝ። ሁለተኛዋ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የባህል ምግብ ቤት ለመክፈት የምትጣደፍ ጎረቤቴ ናት። ግድግዳዋ ላይ ጋሻ፣ ጎራዴና ጠመንጃ መስቀል ፈልጋለች። ሦስተኛው የትምህርት ቤት ድራማ ክበብ የሚመራ መምህር ነው። ለየካቲት 23 የዓድዋን ድራማ ሊያሳዩ ነው። "አሥር ጠመንጃ ከየት ላምጣ?" አለኝ።

ሦስቱም "ቅጂ" ይላሉ። የሚያስቡት ግን ለየቅል ነው። አንዱ የሚተኩስ፣ አንዷ የሚታይ፣ አንዱ ልጆች ቢጥሉትም የማይቆጭ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዋጋ ከማውራታችን በፊት መስፈርቱን እናስቀምጥ።

መጀመሪያ መስፈርቱ

*ምን ልታደርጉበት ነው?* ልትተኩሱበት፣ ልትሰቅሉት፣ ለልጅ ልታወርሱት ወይስ መድረክ ላይ ልትይዙት? ለዚህ መልስ የሌለው ሰው ገንዘቡን ኪሱ ያቆየው።

*ታሪኩ የማን ነው?* አሮጌ ጠመንጃ የሚወደደው ብረቱ ስለከበረ አይደለም። የት እንደነበረ፣ ማን እንደያዘው ስለሚታወቅ ነው። አዲስ ቅጂ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ነው። መልኩን እንጂ ታሪኩን አይሸጥላችሁም።

*ከምን ተሠራ?* ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት አለ፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት አለ፣ ለመልክ ብቻ የሚሆን የዚንክ ቅይጥ አለ። እንጨቱም ዋልነት ወይም ቀለም የተቀባ ተራ እንጨት ሊሆን ይችላል።

*ነገ ልሽጠው ብትሉስ?* ይኼን ሻጭ አያነሳላችሁም። እናንተ አንሱት።

*ጥገናና መለዋወጫ።* ከዋናው ጠመንጃ የተነቀለ ዕቃ ቅጂው ላይ ላይገጥም ይችላል። አንዲት ብሎን እንኳ ጥርሷ ይለያል።

*ሕግ።* በዝርዝሩ መጨረሻ አደረግሁት እንጂ ጅማ ላለ ሰው የመጀመሪያው ይኼ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥን፣ ከውጭ ማስገባትን ይከለክላል። "አሮጌ ነው እኮ፣ ጥይቱም ጠፍቷል" የሚለው ሙግት ኬላ ላይ አያዋጣም። የሚተኩስ ቅጂ ደግሞ በደንብ የሚሠራ ጠመንጃ ነው። ቅጂ መባሉ ከፈቃድ ነፃ አያወጣውም።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ።

ዋናው፦ በዘመኑ የተሠራው

አያቶቻችን ጠመንጃን በስም ያውቁት ነበር። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው። በአፈሙዝ የሚጎረሰውን ኤንፊልድ ከኋላ እንዲጎርስ አድርገው እ.ኤ.አ. በ1866 የተቀበሉት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ መቅደላ ድረስ የመጣው የእንግሊዝ ጦር የያዘው እሱን ነው። ውጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበሉት ባለ 11 ሚሊ ሜትር ግራስ ነው። "ፉዚ ግራ" የሚለው የፈረንሳይኛ ስም በእኛ አፍ ውጅግራ ሆኖ ቀረ። ስሙ ብቻ እንኳ ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ምንሽሩ፣ ቤልጅጉ፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ካርካኖ መጡ። ጅማም እ.ኤ.አ. እስከ 1941 ጣሊያን የተቀመጠባት ከተማ ስለሆነች የዚያ ዘመን ብረት ለሽማግሌዎቻችን ባዳ አይደለም።

የዋናው ጠመንጃ ዋጋ የሚለካው በጥቃቅን ነገር ነው። ክፍሎቹ ላይ ያሉት ቁጥሮች ይመሳሰላሉ? የፋብሪካው ማኅተም ይነበባል? ሰደፉ የራሱ ነው ወይስ የተተካ? እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ለኢትዮጵያ የተገዙ፣ ማውዘር የሚባሉ ጠመንጃዎች ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ተቀርጿል። ያ ምልክት ጥርት ብሎ የሚታይበትና በዝገት የተበላበት ጠመንጃ በአንድ ዋጋ አይሸጡም።

እዚህ ላይ የቤተሰቤን ጉድ ላውራ። የእናቴ ወንድም በፈቃድ የያዘው የአባቱ ምንሽር ነበረው። ሰደፉ ላይ አያቴ በካራ የጫረው ምልክት ነበር። ጋሼ ለሠርግ ሊያሳምረው ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ቫርኒሽ ቀባው፣ ብረቱንም ወለወለው። አበራ! የአያቴ ምልክት ግን አብሮ ሄደ። ከፋብሪካው ማኅተምም ግማሹ ጠፋ። ሰብሳቢ የሚባለው ሰው የሚከፍለው ለዚያ ጭረትና ለዚያ ጥቁረት ነበር። ዋና ጠመንጃ ያላችሁ ሰዎች፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ስስ ዘይት አስነኩት፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ።

ዋናውን ስለመተኮስ ምክሬ አጭር ነው፦ ይቅር። መቶ ዓመት ያለፈው ብረት ውስጡ ምን እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ ጠመንጃ የዛሬውን ባሩድ ግፊት እንዲችል አልተሠራም። ሊተኩስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ለባለሙያ ያስመርምር።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የመንግሥት መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ተወስደው ለሰብሳቢ ሲቸበቸቡ ነበር። ጋራንድ፣ ካርካኖ፣ ማውዘር፣ ግራስ፣ ሁሉም አለበት። ብዙዎቹ ዝገትና ስንጥቅ የበዛባቸው ናቸው። ሆኖም "የኢትዮጵያ" መባላቸው ራሱ ገዢ አምጥቷል። ለአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ለአፍታ ዝም አለ። "እኛ በረንዳ ላይ የነበረውን እዚህ በዶላር ልገዛው ነው በለኛ" አለኝ።

የሚተኩሰው አዲስ ቅጂ

ይኼ ሰፊ ቤት ነው። ሁለት ክፍል አለው።

አንደኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠመንጃዎች ቅጂ ነው። ማዕከሉ ሰሜን ጣሊያን፣ ብሬሻ አጠገብ በትሮምፒያ ሸለቆ ያለችው ጋርዶኔ ከተማ ናት። ፔደርሶሊ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ኡበርቲ በ1959 እዚያ ተመሠረቱ። የ1853ቱን ኤንፊልድ፣ የአሜሪካኖቹን ሻርፕስ፣ የሬሚንግተንን ሮሊንግ ብሎክ፣ ዊንቸስተርን እንደገና ይሠራሉ። ፔደርሶሊ ለሚሠራቸው ረጃጅም ጠመንጃዎች ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ይጠየቃል።

እዚህ ክፍል ውስጥ ቅጂ ምክንያት አለው። ዋናው ሻርፕስ ውድ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ቢሰበር አይተካም። በዒላማ ሜዳ ልትተኩሱ ከሆነ አዲሱ ብረት ይሻላል። በመንግሥት መፈተኛ ጣቢያ ተተኩሶ የተፈተነ ነው። የሻጩ ዋስትናም አለው።

ሁለተኛው ክፍል የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እዚህ ጠንቀቅ በሉ፣ ስም ያታልላል። ስፕሪንግፊልድ አርመሪ የአሜሪካ መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ተዘጋ። በ1974 አንድ የግል ኩባንያ ያንኑ ስም ይዞ ኢሊኖይ ውስጥ ተነሣ። የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ የነበረውን ኤም 14ን የመሰለና ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ ኤም1ኤ የተባለ ጠመንጃ መሸጥ ጀመረ። ጥሩ ጠመንጃ ነው። ዋጋው ከ1,500 ዶላር ይበልጣል። ነገር ግን የአሜሪካ ወታደር የያዘው ኤም 14 አይደለም። የወታደሩ ዋና አካል ተቀጥቅጦ የተሠራ ነበር። የዚህኛው በቅርጽ የፈሰሰ ነው። በቅርጽ የፈሰሰ ሁሉ መናኛ ነው እያልኩ አይደለም፣ በደንብ ከተሠራ ዕድሜ ልክ ይተኩሳል። "ያው ነው" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን ያው አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ጥያቄ እዚህ ይወድቃል። ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ኮርያ ሲዘምት የታጠቀው የአሜሪካ መሣሪያ ነው፦ ኤም1 ጋራንድና ኤም1 ካርባይን። ጋራንድ ከ5 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። መጀመሪያ ስፕሪንግፊልድና ዊንቸስተር ሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ደግሞ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተርና ሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን ተጨመሩ። ያን ያህል ስለተሠራ ዛሬም ዋናው ይገኛል። አሜሪካ ውስጥ የሲቪል ዒላማ ተኩስ ፕሮግራም የሚባለው ተቋም በ1,000 ዶላር አካባቢ ሲሸጠው ቆይቷል። እንግዲህ አስቡት። ዋናው ጋራንድ በ1,000፣ የኤም 14 መሳዩ ኤም1ኤ ግን ከ1,500 በላይ!

ከዚህ የወጣልኝ መመዘኛ ቀላል ነው። ዋናው በገበያ ሞልቶ ሳለ ቅጂ አትግዙ። ዋናው ሲጠፋ፣ ሲሳሳ ወይም ለመተኮስ ሲያሰጋ ያኔ ቅጂ ግዙ። ጋራንድ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ ሻርፕስ ሁለተኛው። ካርባይኑ መሃል ላይ ነው። ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የነበረ ቢሆንም ሰብሳቢው ስለተሻማበት የዋናው ዋጋ ወጥቷል። ስለዚህ ለመተኮስ ብቻ ለሚፈልገው ሰው አዲሱን መያዝ አያስወቅስም።

ዳግም ሽያጩስ? አዲስ ቅጂ እንደ አዲስ መኪና ነው። ከሱቅ ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል። ከዚያ ረግቶ ይቆማል። ዋናው ግን በደህና ከተያዘ ከጊዜ ጋር ይወጣል። ከዚህ ልማድ የሚለይም አለ። የበርሚንግሃሙ ፓርከር ሄል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠራቸው የኤንፊልድ ቅጂዎች ምርታቸው ከቆመ ወዲህ ራሳቸው ተፈላጊ ሆነዋል። ቅጂም ሲያረጅ ታሪክ ያበቅላል ማለት ነው። ይህን ጠብቆ መግዛት ግን ቡና ሳይተክሉ ጆንያ መስፋት ነው።

እንዳይተኩስ የተደረገው ዋና

አውሮፓ ላሉ ዘመዶች የሚመች ምርጫ ነው። ዋናው ጠመንጃ አፈሙዙ ተደፍኖ፣ ክፍሎቹ ተበየደው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ አሠራሩን ስላጠበቀው አዲሶቹ ምንም አይንቀሳቀሱም። ሬሳ ነው የሚመስሉት። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1995 በፊት በነበረው ደንብ የተሠሩት ይንቀሳቀሱ ስለነበር እስከ ዛሬ የበለጠ ይፈለጋሉ። ታሪክ አለው፣ ደኅንነት አለው። ወደ ኢትዮጵያ አመጣዋለሁ ለሚል ግን የውጭ አገር ወረቀት ብቻ አይበቃውም፣ አስቀድሞ እዚህ ይጠይቅ።

የማይተኩስ መሳይ

ስፔን ውስጥ ዴኒክስ የሚባል አምራች ከዚንክ ቅይጥና ከእንጨት የሚሠራቸው አሉ። ብዙ ጊዜ ከ300 ዶላር በታች ናቸው። ከሁለት ሜትር ርቀት ሲታዩ ልብ ያሞኛሉ። በእጅ ሲያዙ ክብደታቸው ደህና ነው፣ ጠርዛቸው ግን ዱልዱም ነው። ከተሰበሩ አይበየዱም። የሚሸጡበት ዋጋ የለም፣ እንደ ጌጥ ቁጠሩት። ለፊልም ሠሪ ጥሩ ነው። ጅማ ላለ ምግብ ቤት ግን ሻንጣ ውስጥ ይዞ ቦሌ ላይ ማስረዳቱ ነው ጣጣው።

የጅማው፦ የዋንዛ ጠመንጃ

ይኼኛውን የትም ዝርዝር ውስጥ አታገኙትም። ጅማ በበርጩማና በወንበር የታወቀች ከተማ ናት። አንድ ግንድ ዋንዛ ጠርቦ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚያወጣ እጅ ጠመንጃ መጥረብ አያቅተውም።

ከመምህሩ ጋር ሆነን አንድ የታወቁ ጠራቢ ጋ ሄድን። ፎቶ አሳየናቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና "ርዝመቱስ?" አሉ። ግራስ ከ1 ሜትር ከ30 ትንሽ ይረዝማል አልኳቸው። "እንግዲህ ከልጆቹ ግማሾቹን ሊበልጣቸው ነው" ብለው ሳቁ። በሳምንቱ ናሙናውን ስናየው ሰደፉ ወፍሮ ዘነዘና መስሏል። "ጋሼ፣ ትንሽ ይሙለጥ" አልን። ሞለጡት። አፈሙዙን በጥቁር የጫማ ቀለም ሲያሹት ከመድረክ ላይ ማንም አይለየውም።

ዋጋው ከአንድ ደህና ወንበር ብዙ አይርቅም፣ አሥር ሲሆን ደግሞ ይከራከሩላችኋል። ልጅ ቢጥለው ይጫራል እንጂ አይሰበርም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። "አፈሙዙን በውኃ ቱቦ እናድርገው፣ እውነት ይመስላል" የሚል ብልህ ሁሌም አይጠፋም። እሺ አትበሉት። ቱቦ የገባበት እንጨት በፖሊስ ዓይን በቤት የተሠራ መሣሪያ ነው። ሙሉ በሙሉ እንጨት ይሁን።

| ምርጫ | ይተኩሳል? | ታሪክ | ሲሸጥ | ወጪ | ጅማ ላለ ሰው |
|---|---|---|---|---|---|
| ዋናው | አዎ፣ ባይተኮስ ይመረጣል | ሙሉ | በደህና ከተያዘ ይወጣል | እንደ ዓይነቱ | በፈቃድ ብቻ |
| የሚተኩስ አዲስ ቅጂ | አዎ | የለውም | መጀመሪያ ይወርዳል፣ ከዚያ ይረጋል | ከ1,000 ዶላር በላይ | እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ፈቃድ |
| እንዳይተኩስ የተደረገ ዋና | አይ | አለው | መካከለኛ | መካከለኛ | አስቀድሞ ማስፈቀድ |
| የማይተኩስ መሳይ | አይ | የለውም | እንደ ጌጥ | ከ300 ዶላር በታች | ከማስመጣት በፊት መጠየቅ |
| የዋንዛ | አይ | የጠራቢው | አይሸጥም፣ ይወረሳል | የወንበር ዋጋ | ይመቻል |

ለማን የቱ?

የቤተሰብ ጠመንጃ ያለው ሰው ምንም አይግዛ። ፈቃዱን ያድስ፣ ታሪኩን ከሽማግሌ ጠይቆ በወረቀት ይጻፍ፣ ፎቶ ያንሳ። ያ ወረቀት ከማንኛውም ቅጂ ይበልጣል። ለውጭ ሰው ልሽጠው ካለ ደግሞ ጥንታዊ ቅርስ ከአገር ማስወጣት ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይወቅ።

ውጭ አገር ሆኖ በፈቃድ ለሚተኩስ፦ ጋራንድ ከሆነ ዋናውን፣ የጥቁር ባሩድ ዘመን ከሆነ የጣሊያኑን ቅጂ።

በጀቱ ለጠበበ ሰብሳቢ፦ አንድ የተጎዳ ግን ያልተነካካ ዋና ከሁለት የሚያብረቀርቅ ቅጂ ይሻላል። ይኼ የእኔ አድልዎ ነው፣ አልደብቅም።

ለምግብ ቤት፣ ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት፦ ዋንዛ። ዋናውን ማየት የፈለገ እንግዳ ሙዚየም አለ፣ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም አለ። ግድግዳችሁ ሙዚየም መሆን አይጠበቅበትም።

ቅጂን እንደ ዋና ሲሸጡላችሁ

ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚህ ነው። አዲስ ኤንፊልድ በአሲድ አዝገው፣ ሰደፉን በሻይ አጥቁረው "የመቅደላ ነው" ይላሉ። የጣሊያን ቅጂ ግን መታወቂያ አለው። ከጋርዶኔ መፈተኛ ጣቢያ የሚወጣ ጠመንጃ ማኅተም ይመታበታል። የጥቁር ባሩድ ከሆነ "ፒ ኤን" የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች፣ አጠገቡም በትንሽ ሳጥን ውስጥ የተሠራበትን ዓመት የሚናገር ምልክት ይኖራል። በርሜሉ ላይ ፈልጉት። ምልክቱ በሞረድ የተፋቀ መስሎ ከታያችሁ ሻጩን ተሰናበቱት። ዝገቱንም እዩ። የእውነት ዝገት እጅ በማይደርስበት ጥግ ይበዛል፣ እጅ በሚነካው ቦታ ይሳሳል። የሐሰቱ እንደ ቀለም ሁሉም ቦታ እኩል ነው።

የአክስቴ ልጅ ጋራንዱን አገኘ፣ የሃሪንግተን ኤንድ ሪቻርድሰን ሥራ ነው። ሰደፉ ላይ ስንጥቅ አለ፣ "እንዳትነካው" ብዬዋለሁ። ጎረቤቴ ሁለት የዋንዛ ጠመንጃ አዝዛ ከጋሻው ግራና ቀኝ ሰቅላለች። መምህሩ አሥሩን በጆንያ ጠቅልሎ በባጃጅ ሲወስድ ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በኪሱ ይዞ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስያዝኩት። መንገድ ላይ አንድ ፖሊስ አስቁሞት ደብዳቤውን አንብቦ፣ አንዱን አውጥቶ ትከሻው ላይ አደረገና "ሰደፉ ትንሽ ወፍሯል" ብሎ መለሰለት።